ኢሲኮሳ ፍለጋ ወደ ሞጣ

ይህን የጻፍኩት ሞጣ ሄዶ ለማያውቅ፣ ወደፊትም የመሄድ ሐሳብ ለሌለው የቢቸና ሰው ነው። ከእነዚህ ሰዎች ቀዳሚዋ እናቴ ናት። መንገዱ ግማሽ ቀን እንኳ አይሞላም፤ እሷ ግን ሞጣን የምታነሣው ፓስፖርት እንደሚጠየቅበት አገር ነው። ስነሣ ያን የሚያህል በሶ ቋጠረችልኝ። «የሰው አገር ምግብ ባይስማማሽስ?» አለች።

ለምን እንደሄድኩ ላስረዳ። ቢቸና ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ነኝ። አንማው የሚባል የሰፈራችን ልጅ ደቡብ አፍሪካ ገጠር ውስጥ ለዓመታት ሱቅ ሲሠራ ቆይቶ፣ ኖምሳ የምትባል ሚስት ይዞ ተመለሰ። ቋንቋዋ ኢሲኮሳ ነው። በመጣች ሰሞን አማቷ ከጓዳ ሆነው «ኖምሳ!» ብለው ሲጣሩ፣ ጎረቤቱ «ኑ፣ ምሳ!» የተባለ እየመሰለው እጁን ታጥቦ ይመጣ ነበር። የመጣን ሰው ደግሞ ተመለስ አይሉትም። እንዲህ እንዲህ እያለ የእነ አንማው ቤት በደግነቱ በሰፈሩ ስሙ ወጣ።

ኖምሳ አረገዘችና ለክትትል እኔ ዘንድ መጣች። አስተርጓሚው ባሏ ነው። እኔ እጠይቃለሁ፤ አንማው «ኡንጃኒ?» ይላታል፤ ደህና ነሽ ወይ ማለት ነው። እሷ ዓይን ዓይኔን እያየች ረዥም ንግግር ታደርግና መጨረሻ ላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ማካፑሜ!» ትላለች። አንማው ጉሮሮውን ይጠራርጋል።

«ደህና ነኝ ትላለች።»

«ይሄ ሁሉ ንግግር ደህና ነኝ ነው?»

«ቋንቋቸው ረዥም ነው፣ ሲስተር።»

በእንግሊዝኛ ሞከርኩ። የእኔ እንግሊዝኛ ከመማሪያ መጽሐፍ አይወጣም፤ የእሷ ደግሞ ከ«የስ» እና ከ«ፋይን» አያልፍም። በካርዷ ጠርዝ ላይ በእርሳስ «ማካፑሜ = ደህና ነኝ» ብዬ ጻፍኩና ሦስት ክትትል በዚሁ አለፈ። የደም ግፊቷ ደህና ነው፤ የፅንሱ የልብ ምት ደህና ነው። ዓይኗ ግን ደህና አልነበረም። ስምንተኛ ወሯን ስትይዝ፣ ልትወጣ ተነሥታ እጄን ጨብጣ አልለቅም አለች። ያን ቀን ፈራሁ። ይህች ሴት ልትነግረኝ የምትፈልገው ነገር አለ፤ ሳልሰማው ምጥ ቢመጣስ?

ሞጣ ውስጥ ከዚያው አገር የተመለሰ ባለሱቅ እንዳለ አንዲት ባልደረባዬ ነገረችኝ። ስደውልላቸው «ይሄ ቋንቋ በስልክ አይሆንም፤ አፍ ለአፍ መተያየት አለብን» አሉኝ። አለቃዬ አራት ቀን ፈቀዱልኝ። በፈቃዱ ወረቀት ላይ «የውጭ አገር ቋንቋ ትምህርት፣ ሞጣ» ብለው ጻፉና መነጽራቸውን አውልቀው እንደገና አነበቡት። የኖምሳ ቀጣይ ክትትል ዓርብ ነበር።

ይህን እንድጽፍ እሷም ባሏም ፈቅደውልኛል። እሱ የፈቀደው ትንሽ ቆይቶ ነው።

ሰኞ

መንገዱ ክፍት ነው የተባለበት ሳምንት ስለነበር የቢቸና ሰው ሁሉ ጉዳዩን ያስታወሰው በዚያው ጠዋት ነው። በሚኒባሱ የኋላ ወንበር ላይ አምስት ሆነን ተቀመጥን። ከእግሬ ሥር የታሰረ አውራ ዶሮ አለ፤ ባለቤቱ ደብረ ወርቅ የሚወርዱ ሽማግሌ ናቸው። እኔ ከጎኔ ካሉት ሰዎች ጋር ስጫወት ዶሮው የበሶ ከረጢቴን በስቶ ቁርሱን ጀምሯል። ነገሩ የታወቀው ሾፌሩ መስኮት ሲከፍት ነው። ነፋሱ ገባ፣ በሶው ተነሣ፣ ሁላችንም አንድ መልክ ሆንን።

«ልጄ፣ አትዘኝ» አሉ ሽማግሌው ጋቢያቸውን እያራገፉ። «ዶሮው የሚታረደው ለልጅ ልጄ ክርስትና ነው። በሶሽ ለቁም ነገር ነው የዋለ።»

ይቅርታ የሚጠይቁኝ መስሎኝ ነበር፤ ምስጋና እየጠበቁ ኖሯል። «እንኳን ደስ ያለዎ» አልኳቸው።

ሞጣ ከቢቸና ትሰፋለች። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ ግን እውነቱ ነው። ባጃጇ ይበዛል፤ ነጂዎቿ ግን ከእኛዎቹ ይልቅ ቀስ ይላሉ። ያረፍኩት እትዬ ጥሩወርቅ የሚባሉ ሴት ቤት ነው፤ ከግቢያቸው ጀርባ አራት ክፍል አልቤርጎ አላቸው። በሶ ለብሼ ስገባ አይተው ምንም ሳይጠይቁ የሞቀ ውኃ አቀረቡልኝ። ማታ ተጋቢኖ በላሁ። ከቢቸናው ይወፍራል፣ ይጣፍጣልም። ለእናቴ ይህን አልነገርኳትም፤ ካነበበችው እዚሁ ታገኘዋለች።

ማክሰኞ

መምህሬ ጋሼ ምንይችል ይባላሉ። ሱቃቸው ከጋሪዎች መቆሚያ ፊት ለፊት ነው። ከመደርደሪያው ፊት ከወለል እስከ ጣሪያ የብረት ሽቦ ዘርግተዋል፤ ሳሙናም ሆነ ብስኩት በትንሽ ቀዳዳ ነው የሚያቀብሉት። እዚያ አገር እንዲህ ነበር የምሸጠው አሉኝ። ሞጣ ውስጥ ማንም ሰርቋቸው አያውቅም፤ ግን ያለ ሽቦ መሸጥ አይሆንላቸውም። ሰላምታ የሚወድ ደንበኛ ጉንጩን ሽቦው ላይ ለጥፎ ነው የሚስማቸው።

ስደርስ አንድ የቅኔ መምህር ሳሙና እየገዙ ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። ጋሼ ምንይችል ከሽቦው ኋላ ሆነው ፈገግ አሉና «ኡንጃኒ?» አሉኝ።

ይህችንማ አውቃታለሁ። ደረቴን ነፍቼ «ማካፑሜ!» አልኩ።

ፈገግታቸው ጠፋ። እኔን አዩ፣ የኔታን አዩ። ከዚያ ሽቦውን ከፍተው ወጡና ጎንበስ ብለው «የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ለጥቂት ጊዜ ውጭ ቢቆዩልኝ» አሏቸው። የኔታ ሳሙናቸውን እንደያዙ ወጡ። በሩ ተዘጋ። እኔ ጥብቅ መምህር ናቸው ብዬ ደስ አለኝ።

ትምህርቱ ተጀመረ። ኢሲኮሳ ፊደል የማይይዛቸው ሦስት የምላስ ድምፆች አሉት። አንደኛውን ስሰማ ሳቄ መጣ፤ እኛ ስናዝን ከንፈራችንን የምንመጥጥበት ድምፅ ነው። ሁለተኛው ጋሪ ነጂ ፈረሱን ለማስነሣት በጉንጩ ጥግ የሚያሰማው ነው። ሦስተኛው ቡሽ ከጠርሙስ ሲነቀል ያለው ድምፅ። ደብተሬ ላይ «ከንፈር»፣ «ጋሪ»፣ «ቡሽ» ብዬ ጻፍኳቸው። በዚህ አጻጻፍ በር «ኡ-ከንፈር-አንጎ» ነው። እንቁላል «ኢ-ቡሽ-አንዳ»። ይቅርታ ደግሞ «ኡ-ጋሪ-ኦሎ»።

የይቅርታዋ ቃል መከራ አመጣችብኝ። ለአየር ብለን በሩን ከፍተን ሳለ ጮክ ብዬ «ኡ-ጋሪ-ኦሎ!» ስል ውጭ የቆመው ፈረስ ነጂውን ትቶ ተነሣ። ደንግጬ ወጣሁና ጋሪ ነጂውን ይቅርታ ጠየቅሁት። አፌ ላይ ያለችው ደግሞ የተማርኳት ናት። ተይዞ የነበረው ፈረስ እንደገና ተነሣ።

«እመቤቴ፣ ከእኔ ጋር ጠብ አለሽ?» አለኝ ሰውየው እያለከለከ።

«ይቅርታ እየጠየቅሁህ ነው!»

«እንግዲያስ አትጠይቂኝ!»

በትምህርቱ መጨረሻ ላይ ሥጋት ገባኝ። ጋሼ ምንይችል የሚያስተምሩኝ ሁሉ የሱቅ ነገር ነው። «ኡፉና ንቶኒ?» ምን ፈለግህ? «ሊንዳ» ጠብቅ። «ቫላ» ዝጋ። ስኳር አልቋል። እንቁላሉን አትንካ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ሕመምተኛ ነው የማናግረው» አልኳቸው።

«ሕመምተኛም ደንበኛ ነው» አሉ ቆፍጠን ብለው። «ምን ፈለግህ ብለሽ ካልጀመርሽ ምን ልትሰጪው ነው?»

አመሻሹ ላይ ክፍሌ ገብቼ ከንፈርን ተለማመድኩ። ሃምሳ ጊዜ ያህል ሳልመጥጥ አልቀረሁም። ግድግዳው ስስ ነው። ጥቂት ቆይቶ በሩ ተንኳኳ። እትዬ ጥሩወርቅ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ሁለት ጎረቤት አስከትለው፣ ዳቦ ይዘው ቆመዋል።

«ልጄ፣ ማንሽ ነው?»

«ማንም አልሞተብኝም፣ እትዬ። ቋንቋ እያጠናሁ ነው።»

«እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ አይዋጥም» አለች አንደኛዋ ጎረቤት።

«እውነቴን ነው! የደቡብ አፍሪካ ቋንቋ ነው።»

ሦስቱም ባንድ ጊዜ ደረታቸውን ያዙ። «ውይ! እዚያ ነው የሞተው?»

ከዚያ በኋላ የተናገርኩት ሁሉ ነገሩን አባባሰው። ስስቅ «ያስቃታል፣ እንዲህ ያደርጋል» ተባለ። ስቆጣ ጀርባዬን ዳበሱኝ። ዳቦውን ቆርሰው አጎረሱኝ፤ ብቻዋን አትደር ተብሎ ከሴቶቹ አንዷ ፍራሽ አምጥታ ከአልጋዬ ሥር ተኛች። በሕይወቴ ለማንም ሳላለቅስ እንደዚያ የተጽናናሁበት ቀን የለም። ደግነታቸው ልቤን ነካውና መጨረሻ ላይ እንባዬ መጣ፤ ይኸው አሉ፣ አሁን ወጣላት።

ረቡዕ

ጠዋት ሱቅ ስደርስ አንዲት ሴት ክብሪት እየገዛች ነበር። «ኡንጃኒ?» «ማካፑሜ!» ሴትዮዋ ተሰናበተች። ከሰዓት በፊት ለሻይ ወጥቼ ስመለስ የጋሼ ምንይችል ባለቤት ምሳቸውን ይዘው መጥተዋል። «ኡንጃኒ?» «ማካፑሜ!» ጋሼ ምንይችል ላብ ላብ አላቸው፤ ሚስታቸውን ትከሻቸውን ይዘው በልመና አስወጡ። ከሰዓት በኋላ የኔታ የትናንቱን ጉዳይ ሊያጣሩ መጡና ከሽቦው ፊት ቆሙ። እኔ በትሕትና ብድግ ብዬ፣ ጋሼ ምንይችል ሳይጠይቁኝ፣ ጎበዝ ተማሪነቴን ላሳያቸው ብዬ «ማካፑሜ!» አልኩ።

«ሲስተር!» አሉ ጋሼ ምንይችል። «በእግዚአብሔር ይዤሻለሁ! ሞጣ ውስጥ ስንት ሰው ነው የምትጠዪው?»

«ምን አደረግሁ?»

«ሰው በመጣ ቁጥር ይውጣልኝ፣ ይውጣልኝ! ሐኪም ናት፣ ምስጢር ይኖራት ይሆናል ብዬ ቻልኩ። የኔታን አስወጣሁ። ሚስቴን አስወጣሁ። አሁንስ?»

«ማካፑሜ እኮ ደህና ነኝ ማለት ነው» አልኩ።

ጋሼ ምንይችል የጤፍ ማዳበሪያው ላይ ዘጭ አሉ። ሳቃቸውን መግታት አቅቷቸው እጃቸውን ያራግባሉ። «ፑማ ማለት ውጣ ነው፣ ልጄ። ማካፑሜ ማለት ‘እሱ ይውጣልኝ’ ማለት ነው። የሰከረ ሰው ሱቅ ሲገባ፣ ድመት ሲገባ፣ በቀን አሥር ጊዜ ነው የሚባል። ፑማን የማያውቅ ባለሱቅ እዚያ አገር የለም!»

እኔ አልሳቅሁም። የኖምሳ ካርድ ጠርዝ፣ የእኔ የእርሳስ ጽሕፈት ፊቴ ላይ መጣ። ሦስት ክትትል ሙሉ ይህች ሴት ዓይኔን እያየች «እሱ ይውጣልኝ» ስትለኝ፣ እኔ «ጎሽ፣ ደህና ናት» ብዬ መዝግቤ ሸኝቻታለሁ። አንማው ደግሞ ባለሱቅ ነበር። ቀሪውን ንግግሯን ላይሰማው ይችላል፤ ይህችን ቃል ግን ሰምቷታል። በሰው ፊት ሚስቱ ውጣልኝ ስትለው አፍሮ፣ ደህና ነኝ ብሎ ተረጎማት።

ታሪኩን ስነግራቸው የኔታ ከሽቦው ማዶ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙ። ስጨርስ ፂማቸውን ይዘው «ድንቅ ነው» አሉ። «ሰሙ ደህና ነኝ፣ ወርቁ ውጣልኝ። ባልየው ሰሙን ሰጥቶሽ ወርቁን ደብቆ ኖሯል።» የትናንቱን መባረራቸውን ያን ጊዜ ይቅር አሉኝ፤ ቃሏንም ለተማሪዎቻቸው እወስዳታለሁ ብለው ሄዱ።

«ጋሼ፣ አሁን የሕመም ቃል ስጡኝ» አልኩ። «የምታውቋትን ሁሉ።»

አሰቡ። የራስ ምታት ክኒን ይሸጡ ስለነበር ራስ «ኢንትሎኮ»፣ ሆድ «ኢሲሱ» አሉኝ። ሕፃናት ከረሜላ ሊገዙ ስለሚመጡ ልጅ «ኡምንትዋና» መሆኑን ያውቃሉ። ብዙ ደግሞ «ካኩሉ» ነው። ከዚያ እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸው ላይ ያለ ጠባሳ አሳዩኝ። የሱቃቸውን ቆርቆሮ ሲጠግኑ ቆርጧቸው፣ አንዲት አሮጊት ጎረቤት ሻሿን አውልቃ እያሰረችላቸው «ኢጋዚ! ኢጋዚ!» እያለች ትጮህ ነበር። ደም ማለት ነው።

«ስሟን እንኳ አልጠየቅኋትም» አሉ። «ቃሏ ግን ከእኔ ጋር ቀረ።» እጅጌያቸውን አወረዱ።

ሐሙስ

እትዬ ጥሩወርቅ መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝ። የሚኒባሱን ሾፌር ጠርተው በጆሮው አንድ ነገር ሹክ አሉት። ወዲያው ጋቢና ተለቀቀልኝ። ሐዘንተኛ አለመሆኔን መናገር ነበረብኝ፤ ግን ጋቢና ተቀምጬ አላውቅም ነበር። ሾፌሩ ዘፈኑን አጠፋው። እኔ በመስኮት የሚታጨደውን ጤፍ እያየሁ ከንፈርን ስለማመድ፣ እሱ በየመጠጣው «እግዜር ያጥናሽ» ይላል። ቢቸና እስክንደርስ አልተሰላቸም።

እናቴ በር ላይ ጠበቀችኝ። «ከስተሻል» አለች። ሁለት ኪሎ ሳልጨምር አልቀረሁም።

ዓርብ

ኖምሳና አንማው በሰዓታቸው መጡ። አንማው ወንበሩን ሳብ አድርጎ እንደ ልማዱ መሐላችን ሊቀመጥ ሲል፣ ብድግ አልኩና በጣቴ በሩን አሳይቼ «ፑማ!» አልኩት።

ሰውየው በግማሽ እንደተቀመጠ ቀረ። ጆሮው ቀላ። ኖምሳ አፏን በእጇ ያዘች። ከእሱ በላይ ያን ቃል የሚያውቅ የለምና አንማው ተነሥቶ ወጣ። በሩን ዘጋሁ። ከዚያ በስምንት ወር ውስጥ አንዳችንም ያልጠየቅናትን፣ የባለሱቅ ጥያቄ ጠየቅኋት።

«ኡፉና ንቶኒ፣ ማማ?» ምን ፈለግሽ?

መጀመሪያ ሳቀች፤ ስኳር ስጪኝ የምትል መስላ። ከዚያ ሳቁ ሳይጠፋ እንባዋ ወረደ፣ ተናገረችም። ረዥም ነበር። ከመቶው ቃል ሦስቱን ሰማሁ፤ ሦስቱ ይበቁኝ ነበር። «ኡምንትዋና» አለችና አንድ ጣት አነሣች፤ ከዚህኛው በፊት። «ኢጋዚ» አለች። የቱን ያህል እንደሆነ ለማሳየት ጥግ ላይ ያለውን የጽዳት ባልዲ አመለከተች። «ካኩሉ፣ ካኩሉ።» በመጨረሻ ጎንበስ ብላ መዳፏን ወለሉ ላይ አሳረፈችና አፈር እንደምታለሰልስ አድርጋ ዳበሰችው።

ሳላስበው ከንፈሬን መጠጥኩ። አራት ቀን የለፋሁበት ድምፅ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ኢሲኮሳ ትዝ አላለኝም። ኖምሳ ቀና ብላ አየችኝና እጄን ያዘችው። እኔም አለቀስኩ።

አንዲት እናት በመጀመሪያ ወሊዷ እንደዚያ ደም ከፈሰሳት፣ ሁለተኛውን ጤና ጣቢያ ውስጥ ልትወልድ አይገባም፤ ደም ያለበት፣ ሐኪም ያለበት ሆስፒታል ቀድማ መግባት አለባት። ወረቀቷን እዚያው ጻፍኩ። ቀኑ ሲደርስ እንደፈራነው ደም ፈሰሳት፤ ተዘጋጅተው ስለነበር ግን እናትም ልጅም በደህና ወጡ። የመጀመሪያ ልጇን ነገር ለባሏ ያወጋችው ከዚያ በኋላ ነው፤ በራሷ አፍ፣ በራሷ ጊዜ።

ያን ዓርብ ግን በሩን ስከፍት አንማው ኮሪደሩ ላይ ኮፍያውን እያሻሸ ቆሟል። የሆስፒታሉን ወረቀት ሰጠሁት፤ ከመውለጃዋ ቀን አንድ ሳምንት ቀድማችሁ፣ ተዘጋጅታችሁ ሂዱ አልኩት። ወረቀቱን ገልበጥ አድርጎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ምን አለችሽ?»

«ደህና ነኝ ትላለች።»

«ይሄን ሁሉ ሰዓት ስታወራ? ደህና ነኝ?»

«ቋንቋቸው ረዥም ነው፣ አንማው።»